«እንዳለችው» ወይስ «እንዳለው»?

ጥያቄ፦ በአንድ መጣጥፌ «ማርጋሬት ሚሼል ‹ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ› በተባለው ልብ ወለዷ ‹እውነቱን ልንገርሽ ውዴ፣ ደንታ የለኝም› እንዳለችው» ብዬ ጽፌ ነበር። አርታኢው «ይህ የፊልሙ እንጂ የመጽሐፉ አይደለም» ብሎ ሰረዘብኝ። ማን ልክ ነው? እንዴትስ ልጻፈው?

መልስ፦ አርታኢው ልክ ነው፤ ነገር ግን መሰረዝ አልነበረበትም፣ ማቃናት ይበቃ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1936 በታተመው ልብ ወለድ መጨረሻ ላይ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ስካርሌት «ከሄድህ እኔ ምን ልሁን?» ብላ ትለምናለች። ባሏ ሬት በትለር (ስሙ በእኛ ፊደል መራራ ሆኖ መውጣቱ የአጋጣሚ ነገር ነው) ረዘም አድርጎ ከተናገራት በኋላ ትንፋሹን ሳብ አድርጎ፣ ቀለል ባለ ለስላሳ ድምፅ «ውዴ፣ ደንታ የለኝም» ይላታል። «እውነቱን ልንገርሽ» የምትለው መንደርደሪያ መጽሐፉ ውስጥ የለችም። የመጣችው በ1939 ፊልም፣ ሬትን የሚጫወተው ተዋናይ ክላርክ ጌብል በሩ ላይ ሆኖ ሲሰናበታት ነው። የአሜሪካ ፊልም ኢንስቲትዩት በ2005 ከ100 ታዋቂ የፊልም ንግግሮች አንደኛ ያደረገውም ይህንኑ የፊልሙን ነው፤ ሰው ሁሉ መጽሐፉን ያነበበ እየመሰለው የጌብልን ቃል ቢጠቅስ አይደንቅም።

እኔን ይበልጥ የከነከነኝ ግን «እንዳለችው» ነው። የአማርኛ ግስ ተናጋሪውን በጾታ ለይቶ ያጋልጣል። «እንዳለችው» ሲሉ ንግግሩን ለሴት ሰጡ፤ ሴትን የሚሰናበተው ግን ወንድ ነው። ደራሲ የገጸ ባሕርዩን ቃል አልተናገረም፣ ጻፈ እንጂ። ስለዚህ «አለ» ለገጸ ባሕርዩ፣ «ጻፈች» ወይም «አናገረችው» ለደራሲዋ ይሁን፦ «በፊልሙ ሬት በትለር ‹እውነቱን ልንገርሽ ውዴ፣ ደንታ የለኝም› እንዳለው»። መጽሐፉን መጥቀስ ከፈለጉ መንደርደሪያዋን ያውጡና «ማርጋሬት ሚሼል ሬትን ‹ውዴ፣ ደንታ የለኝም› ብላ እንዳናገረችው» ይበሉ።

ምንጩን ማረጋገጥ ያልቻለ ሰው ደግሞ ትእምርተ ጥቅሱን ይተው። አማርኛ ለዚህ ይመቻል፤ «ደንታ የለኝም ብሏት ሄደ» ያለ ጥቅስ ምልክት ሲጻፍ ፍሬ ነገሩን ብቻ ያቀብላል፣ ለመጽሐፉም ለፊልሙም አይዋሽም። ምልክቱ ከገባ ግን ቃል በቃል ነው ብለው መማልዎ ነው።

ነቢይ መኮንን በደርግ እስር ቤት በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ለተረጎመው ለዚሁ ልብ ወለድ ርእስ የሆነው «ነገም ሌላ ቀን ነው» በመጽሐፉም በፊልሙም መዝጊያ ላይ ስላለ ከየትኛውም ቢጠቅሱት አይሳሳቱም። እዚህ ላይ ግን ግሱ አያድንዎትም፦ ደራሲዋም ስካርሌትም ሴቶች ስለሆኑ «እንዳለችው» ለሁለቱም ይስማማል። ስለዚህ «ስካርሌት እንዳለችው» ብለው በስም ይጥሯት።