ታይሮይድ፣ እርግዝናና የልጅ አንጎል፦ ጠይቁኝ ብዬ የመጣብኝ ጥያቄ

ባሕር ዳር መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። ባለፈው አንዲት እናት መጣችና «እርጉዝ መሆኔን ሳውቅ የታይሮይዱን ክኒን አቆምኩት፣ ልጁን እንዳይጎዳብኝ» አለችኝ። ክው ነው ያልኩት። ታይሮይድ አንገታችን ላይ ያለች ሆርሞን የምታመርት እጢ ናት፤ ክኒኑ የሚተካው እሷ ያጎደለችውን ሆርሞን ነው። ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ልጁን የሚጎዳው ማቆሙ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ጠይቁኝ ያልኩት።

ልጁ የራሱ ታይሮይድ የለውም እንዴ? የእናቱ ምን ያደርግለታል?

አለው፣ ግን ሥራ የሚጀምረው ዘግይቶ ነው። የልጁ እጢ አዮዲን መሰብሰብ የምትጀምረው ከ10ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት አካባቢ ነው። በደንብ ማምረት የምትጀምረው ደግሞ ወደ 18ኛውና 20ኛው ሳምንት ስትደርስ ነው። እስከዚያ ልጁ የሚኖረው በእንግዴ ልጁ በኩል ከእናቱ በሚያልፍለት ሆርሞን ነው። አንጎሉ ግን እስከዚያ ቆሞ አይጠብቅም፤ ሴሎቹ ይባዛሉ፣ ከተፈጠሩበት ተነስተው ወደየቦታቸው ይጓዛሉ፣ እርስ በርስ መያያዝ ይጀምራሉ፣ ሆርሞኑም ሴሉ ውስጥ ገብቶ የትኛው ጂን መቼ ሥራ እንደሚጀምር ያዛል። የሕንፃ ፎርማን በሉት። ፎርማኑ ሲቀር ብሎኬቱም ሲሚንቶውም ግቢው ውስጥ አለ፣ ግድግዳው ግን ይጣመማል። የውስጥ ጆሮም በዚሁ ሆርሞን ነው የሚሠራው፤ ለዚህ ነው ከባድ እጥረት መስማት የሚያሳጣው።

ችግሩ ብዙ ሴት ማርገዟን የምታውቀው ከዚህ ጊዜ ላይ ብዙ ሳምንት ከሄደ በኋላ ነው። የቅድመ ወሊድ ክትትል የሚጀመረው ደግሞ ከዚያም ዘግይቶ። ስለዚህ የታይሮይድ ችግር ያለባት ሴት ገና ልውለድ ስትል ነው መመርመር ያለባት።

ክኒኑን እየወሰድኩ አረገዝኩ። ባለበት ልቀጥል?

አታቁሚ፣ ግን በዚያው ሳምንት ሐኪምሽ ጋ ሂጂ። በእርግዝና ጊዜ የሚያስፈልገው መጠን አብዛኛውን ጊዜ ከ25 እስከ 30 በመቶ ይጨምራል። ምን ያህል እንደሚጨመር ሐኪሙ በቲኤስኤች ምርመራ ይወስናል፤ ቲኤስኤች ታይሮይድን «አምርቺ» ብሎ የሚያዝ፣ በደም የሚለካ ሆርሞን ነው፣ ታይሮይዷ ሲያንሳት ከፍ ይላል። እስከ እርግዝናው አጋማሽ በየ4 ሳምንቱ መለካት ነው።

ከዘጌ ነኝ። ቡናው እዚሁ ጓሯችን ነው፣ ጠዋት ሳልጠጣ ዓይኔ አይገለጥም። ክኒኑን በቡና ብውጠውስ?

አይሆንም እህቴ። ቡና ክኒኑ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዘዋል። ስትነሺ በባዶ ሆድ በውኃ ዋጪው፣ ቡናው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሰዓት ይቆይ። ለእኛ ደግሞ ቀላል ነው። ዋጥ አድርገሽ ረከቦቱን ዘርጊ፤ ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ ጀበናው እስኪፈላ ሰዓቱ ይሞላል። ከቡናው የባሰው ከጤና ጣቢያ የሚሰጥሽ አይረን ነው። በሁለቱ መካከል 4 ሰዓት ይኑር። አንድ ላይ ጎርሰው «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» የሚሉኝ ስንት ናቸው!

ጠበል እየጠጣሁ ነው፣ ክኒኑን ልተው?

አትተዪ። በውኃ አይደል የሚዋጠው? በጠበሉ ዋጪው።

ጣና ዳር ነው የምንኖረው፣ ቀረሶና አምባዛ እንበላለን። አዮዲን አይጎድለንም አይደል?

ይህን ስንቴ ተጠየቅኩ። በአዮዲኑ የታወቀው የባሕር አሳ ነው። ከተማችን ባሕር ዳር ብትባልም ጣና ባሕር አይደለም፣ ሐይቅ ነው። የደጋውን አፈር ዝናብ ሲያጥበው ኖሯል፣ አዮዲኑም አብሮ ሄዷል፣ እህሉም ውኃውም ያንኑ ነው የሚሰጡን። እርጉዝ ሴት በቀን 250 ማይክሮግራም ትፈልጋለች፣ ሌላው ሰው 150። በጾም ደግሞ እንቁላሉም ወተቱም ስለሚቀር የሚተርፈን ጨው ነው። አዮዲን ያለው የታሸገ ጨው ግዙ፣ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡ፣ ወጥ ውስጥ የምትጨምሩት ሊወጣ ሲል ይሁን። ገበያ በክፍት ጆንያ ፀሐይ ሲመታው የዋለውን ግን ተዉት። ጨው ሁሉ አዮዲን ይኑረው የሚለው ደንብ በ2003 ዓ.ም. ወጥቷል፣ ጆንያው ግን ደንብ አያነብም።

ጎመንስ፣ ታይሮይድ ይጎዳል ሲባል እሰማለሁ? ብይ። አዮዲን እስካለሽ ድረስ አያሳስብም።

አያቴ እንቅርት ነበራት፣ እናቴም። ልጆቻቸው ጤነኞች ናቸው። ምን ታስፈራራናለህ?

አላስፈራራም። እንቅርት ያላት እናት ሁሉ የተጎዳ ልጅ አትወልድም፤ እጢው የሚያብጠው ያለችውን አዮዲን አሟጦ ለመያዝ ሲታገል ነው፣ ብዙ ጊዜም ይሳካለታል። እጥረቱ ሲከፋ ግን የማይሰማ፣ የማይናገር፣ እግሩ የተገተረ፣ አእምሮው የዘገየ ልጅ ይወለዳል። በፓፑዋ ኒው ጊኒ ተራሮች ላይ ሴቶች ከማርገዛቸው በፊት አዮዲን ያለው ዘይት ሲወጉ ይህ ጉዳት ቀረ። ካረገዙ በኋላ ዘግይቶ የተሰጠው ግን ያንን ያህል አላዳነም። በ1971 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ነው።

ቲኤስኤቼ ትንሽ ከፍ ብሏል፣ የታይሮይዱ ሆርሞን ግን ደህና ነው ተባልኩ። ልጄ ሊዘገይ ነው?

ተረጋጊ። እንዲህ ያለውን ቀላል ችግር በእርግዝና ማከም የልጆቹን አእምሮ ያሻሽል እንደሆነ በ2012 እና በ2017 እ.ኤ.አ. በወጡ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ተፈትኗል፤ ልዩነት አልተገኘም። ያም ሆኖ ሐኪምሽ ጀምሪ ካለሽ ጀምሪ፤ የሚያየው ሌላ ነገር ይኖራል።

የ3 ሳምንት ልጄ ቢጫነቱ አልለቀቀም፣ ይተኛል፣ ጡት ካልቀሰቀስኩት አይጠባም።

ዛሬውኑ ውሰጂው፣ ታይሮይዱም ይታይ። ያለ ታይሮይድ የሚወለዱ ልጆች አብዛኞቹ ሲወለዱ ምንም አይመስሉም፣ የእናታቸው ሆርሞን ሸፍኗቸው ስለሚቆይ። ሕክምናው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ቢጀመር ነው የሚመረጠው። አንድ ቀንም ቢሆን ቀን ነው።

ክኒኑን ያቆመችው እናትስ ምን ሆነች?

በማግስቱ ሐኪም ጋ ሄዳ እንደገና ጀመረች። 9ኛ ሳምንቷ ላይ ናት። የቲኤስኤች ውጤቷ ሐሙስ ይደርሳል፣ እኔም እየጠበቅኩ ነው።