ማክሰኞ ተነስተሽ ተናገሪ፦ የስኩል ቦርድን በአደባባይ ስለ መተቸት ለጠየቅሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የልጅሽን የእንግሊዝኛ ድጋፍ ክፍል ሳይነግሯችሁ ዘጉት። አንቺ ማክሰኞ በስኩል ቦርዱ (የአካባቢውን የሕዝብ ትምህርት ቤቶች በሚመራው ቦርድ) ስብሰባ ላይ የሱፐርኢንቴንደንቱን (የትምህርት ቤቶቹን ዋና ኃላፊ) ስም ጠርተሽ ልትናገሪ፣ ፌስቡክ ላይም ልትጽፊ አስበሻል። ባለቤትሽ ደግሞ «ይከሱናል፤ ልጁ ላይ ቂም ይይዙበታል፤ እኛ ገና ዜጋ እንኳን አይደለንም» አለሽ። እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ግን እዚህ አሜሪካ ልጅ ሳሳድግ በዚሁ መንገድ አልፌአለሁ፣ ትምህርት ቤት ውስጥም በመምህር ረዳትነት ሠርቻለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መናገር ትችያለሽ፣ ስሙንም ጠርተሽ። የሕዝብ ትምህርት ቤት የመንግሥት አካል ስለሆነ በ1791 የጸደቀው የሕገ መንግሥቱ የመጀመሪያ ማሻሻያ ያስረዋል። ማሻሻያው ንግግርን ብቻ ሳይሆን ለመንግሥት አቤት ማለትንም ይጠብቃል። የግል ትምህርት ቤት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር።

የእኔ ጉዳይ የአውቶቡስ ነበር። የሰባት ዓመት ልጄን ማቆሚያ ባለ ስድስት መስመር መንገድ አሻግረው ወሰዱት። በዚያው ሌሊት ተናድጄ «ለአውቶቡስ የተመደበውን ገንዘብ በልተውታል» ብዬ ለጠፍኩ። ጠዋት አንድ የሀገሬ ሰው ደወለና «ሲበሉ አይተሻል?» አለኝ። አላየሁም። አነሳሁት። በምትኩ በዓይኔ ያየሁትን ጻፍኩ፦ ስንት ልጅ እንደሚሻገር፣ በስንት ሰዓት፣ የእግረኛ መብራት እንደሌለ፣ ከነፎቶው። «ይህ ውሳኔ ለልጆቻችን ደንታ የሌለው ሰው ውሳኔ ነው» የሚለውም አብሮ ነበር፤ እሱ አስተያየት ነው፣ በአስተያየት ስም አጠፋሽ ብሎ መርታት በጣም ከባድ ነው። «በላ፣ ሰረቀ» ግን የወንጀል ክስ ነው። እዚህ ላይ ተጠንቀቂ።

ክሱን በተመለከተ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1964 የወሰነው ነገር ለአንቺ ያደላል። የሕዝብ ባለሥልጣን በስም ማጥፋት ለመርታት ነገሩ ሐሰት መሆኑ ብቻ አይበቃውም፤ ሐሰትነቱን እያወቅሽ ወይም እውነት ይሁን ሐሰት ደንታ ሳይሰጥሽ መናገርሽን ማስረዳት አለበት። የቦርድ አባላትና ሱፐርኢንቴንደንት በአብዛኛው በዚህ ውስጥ ይገባሉ። በፕሪንሲፓልና በመምህር ላይ ግን የየግዛቱ ፍርድ ቤቶች ይለያያሉ፣ ስለ እነሱ ስትጽፊ ቃልሽን የበለጠ መጥኚ። የማይረታ ክስም ቢሆን ገንዘብ ያስወጣል፤ ብዙ ግዛቶች ሰው ዝም ለማሰኘት የሚቀርብን ክስ ቶሎ የሚያዘጋ ሕግ ቢኖራቸውም፣ ወረቀትሽን ኢሜይልሽን ሁሉ አስቀምጪ።

ስብሰባው ላይ ሰዓት ሊወስኑብሽ ይችላሉ፣ ብዙ ቦታ ሦስት ደቂቃ ነው። ከትምህርት ቤት ጉዳይ እንዳትወጪ ማድረግም ይችላሉ። የማይችሉት የሚያመሰግነውን አስጨርሰው የሚወቅሰውን ማቋረጥ ነው። እኔን ሰብሳቢው «ስም አትጥሪ» ሲለኝ ደነገጥኩና ቁጭ አልኩ። ያ ቁጭ ማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በሚቀጥለው ወር ግን ደንቡን በጽሑፍ ጠይቄ፣ ይዤው ገባሁ፤ እንዲህ የሚል መስመር አልነበረበትም። በ2021 አንድ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ በኦሃዮ በተነሳ ጉዳይ፣ በግለሰብ ላይ ያነጣጠረና የተቃውሞ ንግግርን የሚከለክል የቦርድ ደንብን ሽሯል። ውሳኔው የሚያስገድደው አራት ግዛቶችን ብቻ ነው፤ ስለዚህ አዳራሹ ውስጥ አትከራከሪ። ቢያቋርጡሽ በትህትና «በየትኛው ደንብ?» በይና መልሱን ጻፊው።

አሁን ብዙ ሐበሻ የማይነገረው ነገር። አንቺ ወይም ባለቤትሽ ለዲስትሪክቱ (ለትምህርት ቤቶቹ አስተዳደር) የምትሠሩ ከሆነ፣ በወጥ ቤቱም በአውቶቡሱም በጽዳቱም ቢሆን፣ ሚዛኑ ይለወጣል። ፒከሪንግ የሚባል የኢሊኖይ መምህር ቦርዱ ገንዘብ ለስፖርት የሚያወጣበትን መንገድ ተችቶ ለጋዜጣ ደብዳቤ ጽፎ ተባረረ፤ ከጻፈው ውስጥ የተሳሳተም ነበረበት፣ ሆኖም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1968 ፈረደለት፤ ምክንያቱም እንደ ዜጋ ስለ ሕዝብ ጉዳይ ነው የተናገረው። በ2006 ግን ያው ፍርድ ቤት ሠራተኛ የሥራ ግዴታው አድርጎ የሚናገረው በዚህ ጥበቃ ሥር አይወድቅም አለ። እኔ ረዳት ሆኜ ሳለ ክፍል ውስጥ ስላየሁት እጥረት ለአለቃዬ ሪፖርት ጽፌ ነበር። ያ ሥራዬ ነበር። ከሥራ ሰዓት ውጪ፣ በራሴ ስልክ፣ እንደ እናት ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ግን ሌላ ነው። ሁለቱን እንዳትቀላቅዪ፤ ከመናገርሽ በፊትም የሠራተኛ ማኅበራችሁን ተወካይ አማክሪ።

ልጁን በተመለከተ፣ የባለቤትሽ ፍርሃት ተራ ፍርሃት አይደለም፣ አልንቀውም። በወላጅ ንግግር ምክንያት ልጅን መበቀል ሕገ ወጥ ነው፣ ማስረዳቱ ግን ይከብዳል። ስለዚህ ከመናገርሽ በፊት የልጁን መዝገብ በጽሑፍ ጠይቂ፤ በ1974 የወጣው ሕግ ቢበዛ በ45 ቀን ውስጥ እንዲያሳዩሽ ያዛል። ከዚያ በኋላ ነገር ቢለወጥ ምን ከምን እንደተለወጠ በእጅሽ አለ። ፌስቡክ ላይ የሌላ ሰው ልጅ ስም እንዳትጠሪ፣ አደራ።

ዜግነትም ግዴታ አይደለም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1945 እዚህ ሀገር የሚኖር የውጭ ዜጋም የመናገር ነፃነት አለው ብሏል። የኢሚግሬሽን ጉዳያችሁ ገና በሂደት ላይ ከሆነ ግን የሚያውቀውን ጠበቃችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

እንግሊዝኛው ካስጨነቀሽ አስተርጓሚ ጠይቂ። ቋንቋው ለሚከብደው ወላጅ በሚገባው ቋንቋ የማስረዳት ግዴታ አለባቸው፣ በስብሰባም ላይ ከመጠየቅ ወደኋላ አትበይ። ማክሰኞ ከሆነ ዛሬውኑ ደውይ፤ የተናጋሪዎች ዝርዝር ብዙ ቦታ ከስብሰባው በፊት ይዘጋል።