የዕድሩ ሁለተኛ ድስት

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምሠራው ካዛንቺስ ነው፤ ባለፈው ሳምንት መሥሪያ ቤታችን ስለ አናሳዎች መብት ሥልጠና ሰጥቶን ነበር። አራት ኪሎ በሚገኘው ዕድራችን ደግሞ ጸሐፊ ነኝ። ሦስት ሙስሊም ጎረቤቶች አሉን፣ መዋጮውን እንደኛው ይከፍላሉ። ለቅሶ ሲኖር ለብቻ ይበሰልላቸው የነበረውን ኮሚቴው «ወጪ ነው» ብሎ አስቀረው። ልናገር ስል «የፈረንጅ ትምህርት አመጣህብን» አሉኝ። ክርስቲያን ስለ ሌላ እምነት ሰው መብት መከራከር ይገባዋል?

መልስ፦ ይገባዋል፣ ወንድሜ። ነገሩ ስላናደደኝ ግን ትንሽ ላስረዝመው።

ከሥራ ወጥተህ ወደ መስቀል አደባባይ ስትወርድ ቅዱስ እስጢፋኖስን ተሳልመህ ታልፋለህ አይደል? ከመንገዱ ማዶ የአፍሪካ አዳራሽ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት። እስጢፋኖስ ሲባል ቶሎ የሚታየን የተወገረበት ድንጋይ ነው። እንዴት ዲያቆን እንደሆነ ግን እንረሳዋለን። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን ክፈት፤ ነገሩ የተነሣው በምግብ ነው። ኢየሩሳሌም ላይ ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ ምእመናን «በየዕለቱ እደላ መበለቶቻችን ይዘለላሉ» ብለው አጉረመረሙ። ሐዋርያት «ወጪ ነው» አላሉም። «አንድነታችንን አትበጥብጡ»ም አላሉም። ሰባት ሰው ምረጡ አሉ። የተመረጡትን ስም አንድ በአንድ አንብበው፤ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜና፣ ኒቆላዎስ። ሁሉም የግሪክ ስም ነው! እንደኔ መረዳት ማዕዱን ያስረከቡት ለቅሬታ አቅራቢዎቹ ወገን ነው።

እነዚያ እኮ የአንድ እምነት ሰዎች ነበሩ ትለኝ ይሆናል። ልክ ነህ። ለዚያ ደግሞ ዘጸአት 23፥9 አለልህ። መጻተኛውን አትግፉ፣ በግብፅ ስለኖራችሁ የመጻተኛን ነፍስ ታውቋታላችሁ ይላል። ያውም ጎረቤቶችህ መጻተኛ እንኳ አይደሉም፣ የሰፈሩ ልጆች ናቸው። ዛሬ ሪያድ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እህታችን የምትሳለመው ቤተ ክርስቲያን የላትም፤ ማተቧን ደብቃ ነው የምትጸልየው። ለእሷ የምንመኘውን እዚህ ለጎረቤታችን ነፍገን በየትኛው አፋችን እንጸልያለን?

«የፈረንጅ ነገር» ለሚሉህ ደግሞ፣ የተባበሩት መንግሥታት የዘር ማጥፋት ወንጀልን የሚከለክለውን ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1948 ሲያወጣ ከአገሮች ሁሉ ቀድማ ያጸደቀችው ኢትዮጵያ ናት፤ በ1949። በእርግጥ ፈረንጆቹም ንጹሕ አይደሉም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1919 ከፖላንድ ጀምሮ፣ በአዲሶቹና በትንንሾቹ አገሮች ላይ የአናሳዎች ጥበቃ ውል ጫኑ። አሸናፊዎቹ ግን ለራሳቸው አልፈረሙትም። በኋላ ሂትለር የቼኮስሎቫኪያን ጀርመኖች ሰበብ አድርጎ በ1938 ሱዴትንላንድን ወሰደ። ስለዚህ በአናሳዎች ስም የሚነግድ አለ ብሎ መጠርጠር ኃጢአት አይደለም። ነጋዴ ስላለ ግን የተገፋው ሰው አልተገፋም አይባልም።

ሥልጠናው ላይ ያነበቡላችሁ የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጣው የአናሳዎች መብት መግለጫ ይመስለኛል። አስገዳጅ ሕግ አይደለም። በ1966 የወጣው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን ግን ያስገድዳል፤ አንቀጽ 27 አናሳዎች ባህላቸውን፣ ሃይማኖታቸውንና ቋንቋቸውን እንዳይነፈጉ ይላል፣ ኢትዮጵያም በ1993 ገብታበታለች። ከመግለጫው የምወድለት ግን አንድ ነገር አለ፤ እነርሱን በሚመለከት ውሳኔ ላይ ራሳቸው ይሳተፉ ይላል። ሰዎቹን ሳይጠሩ ስለ ድስታቸው የሚወስን ኮሚቴ ይህን ቢያነብ ጥሩ ነበር።

እኔም ብሆን ኮሚቴውን የምወቅሰው እጄ ንጹሕ ሆኖ አይደለም። በእናቴ ተዝካር በግ አርደን ነበር። አንዲት ሙስሊም ጎረቤታችን ዋዜማውን ሽንኩርት ስትከትፍልን አመሸች፣ ዓይኗ ቀልቶ። በማግስቱ ሻይና ዳቦ ይዛ ጥግ ተቀመጠች። ማንም አላሰበላትም። እኔ ራሴ የወጡን ሳህን ይዤ በፊቷ ሁለት ጊዜ አልፌያለሁ። ምንም አላለችም፤ እስካሁን የሚቆረቁረኝም እሱ ነው።

እምነታቸውን መቀበል ሌላ ነገር ነው፣ ማንም ያን አልጠየቀህም። እነርሱ ካረዱት አንበላም፣ እኛ ካረድነው አይበሉም። አንዱ ሌላውን ሳያስገድድ ስንት ዘመን ጎን ለጎን በልተናል። ለሦስት ቤተሰብ አንድ ድስት ዕድር አያከስርም። የጾም ቀን ከሆነማ ሽሮው ለሁሉም ነው፤ ሁለተኛ ድስትም አያስፈልግ።

አሁን ምን ታደርጋለህ? መጀመሪያ ሦስቱን አባወራዎች ቤታቸው ሄደህ ጠይቃቸው፤ ምናልባት ሥጋው ቀርቶብን ምስር ይበቃናል ይሉህ ይሆናል፣ ምናልባትም ዕቃውን ስጡን እኛው እናበስላለን። ከዚያ የሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ራሳቸው ይናገሩ፣ አንተ አትናገርላቸው። ጸሐፊ ነህና ያሉትን ሳትቀንስ ቃለ ጉባኤው ላይ አስፍር። የሐዋርያት ሥራን የጻፈው ቅዱስ ሉቃስም ስለ መበለቶቹ የተነሣውን ማጉረምረም ለቤተ ክርስቲያን ገጽታ ብሎ አልዘለለውም።