ሞተሪኖው እያዞረ የማይነሳ፣ ሲሞቅ የሚጠፋ መኪና፦ ዕቃ ከመቀየርህ በፊት

ወንድሜ፣ ሌላውም እንዲከተለን ጥያቄህን ባጭሩ ልድገመው። መኪናህ ባለ ኢንጀክተር የቤንዚን ነው። ጠዋት ያለችግር ይነሳል። ግማሽ ሰዓት ያህል ከነዳኸው በኋላ ድንገት ይጠፋል፤ ቁልፉን ስታዞር ሞተሪኖው (ማስነሻ ሞተሩ) በጉልበት ያዞረዋል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። ቆሞ ሲበርድ ምንም እንዳልነበረበት ሆኖ ይነሳል። ካንዴላ፣ የነዳጅ ማጣሪያና ባትሪ ቀይረሃል፤ ለውጥ የለም። ካማከርካቸው ሰዎች ግማሾቹ «ፓምፕ ነው»፣ ግማሾቹ «ኮምፒውተሩ ነው» ብለውሃል።

መጀመሪያ ባትሪውን እንተወው። ሞተሪኖ በጉልበት ካዞረ ባትሪው ሥራውን ሠርቷል። ባትሪ የደከመበት መኪና «ጠቅ ጠቅ» ይላል ወይም እያቃሰተ ይዞራል። ማረጋገጥ ካስፈለገህ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ባትሪው ላይ አድርግ፤ ቆሞ ወደ 12.6 ቮልት፣ ሞተሪኖው ሲዞር ደግሞ ከ9.6 ቮልት በላይ ካሳየህ በዚያ በኩል ጊዜህን አታባክን። ለምን እንዳስቀየሩህ እኔም አልገባኝም።

እንዲህ ያለ ብልሽት የሚያስቸግረው ጋራዥ ሲደርስ ስለሚድን ነው። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ሲነካካ መኪናው በርዷል፤ በአንድ ጊዜ ይነሳል፤ «ይኸው ሠራ» ይባልና በመጨረሻ የተነካው ዕቃ ጥፋተኛ ሆኖ ይቀየራል። በማግስቱ ደግሞ መንገድ ላይ ትቆማለህ። እጄ ላይ ከገቡት እንዲህ ዓይነት መኪኖች አብዛኞቹ የመጡት ግማሽ ሞተራቸው በአዲስ ዕቃ ተሞልቶ፣ ብልሽታቸው ግን እንዳለ ሆኖ ነው። ስለዚህ ምርመራው መደረግ ያለበት በጠፋበት ቦታ፣ በጠፋበት ሰዓት፣ ሳይበርድ ነው። በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ የምትፈልገው መልስም አንድ ብቻ ነው፤ የጎደለው ነዳጁን የሚያቀጣጥለው የካንዴላ ብልጭታ ነው ወይስ ነዳጅ? አየሩ መቼም አለ፤ ጠዋት ጠዋት እንደልቡ የሚነሳ ሞተር ላይ ኮምፕረሽን (ሞተሩ ውስጥ አየሩ የሚታመቅበት ግፊት) ብዙም አያጠራጥርም።

መረጃው መምጣት የሚጀምረው ገና ሲጠፋ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ሬዲዮ ዝጋና አሟሟቱን አዳምጥ። ሳያስነጥስ፣ ሳይንገጫገጭ፣ እንደ አምፖል ድርግም ካለ የኤሌክትሪክ ጉዳይ ነው፤ ሴንሰር፣ ሪሌ (ኤሌክትሪክ የሚያገናኝና የሚያቋርጥ ማብሪያ)፣ ኮይል (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠው) ወይም ሽቦ። ጉልበት እያጣ፣ እየተቆራረጠ፣ ፔዳሉን ስትረግጥለት ይባስ እየደከመ ከጠፋ ግን ነዳጅ እየራበው ነው። ዳሽቦርዱም አብሮ ከጨለመ ከሁለቱም የተለየ ነገር ነው፤ የባትሪ ተርሚናል ላልቷል ወይም የቁልፉ ኮንታክት አልቋል። የቁልፉን ኮንታክት ለመለየት ሞተሩ እየሠራ፣ መኪናው ቆሞ ሳለ፣ ቁልፉን ሳታዞር ቀስ አድርገህ ነቅነቅ አድርገው፤ በዚያ ከጠፋ ጥፋተኛው ተገኘ።

መኪናህ ማኑዋል ከሆነ አንድ በጣም የምወደው ምልክት አለ። ሞተሩ ሲጠፋ መኪናው ማርሽ ውስጥ እንዳለ እየተንከባለለ፣ ፍሪሲዮን ሳትረግጥ፣ የዙር መቁጠሪያውን መርፌ ተመልከት። ሞተሩ ባይቃጠልም በጎማዎቹ እየተገፋ እየዞረ ነው፤ ስለዚህ መርፌው ከመኪናው ፍጥነት ጋር አብሮ ቀስ እያለ መውረድ አለበት። መኪናው ገና እየሄደ መርፌው ዜሮ ላይ ከወደቀ ኮምፒውተሩ የሞተሩን መዞር ማየት አቁሟል ማለት ነው። አንድም ቡሎን ሳትፈታ ግማሹን ምርመራ ጨረስክ።

በነገራችን ላይ እየሄደ ሲጠፋብህ ፍሬኑን ደጋግመህ አትርገጥ። ፍሬኑን የሚያግዘው ቫኪዩም ለጥቂት ርግጫ ብቻ ይተርፋል፤ አንዴ አጥብቀህ ይዘህ ወደ ዳር አውጣው። መሪውም ይከብድሃል። ቁልፉን ደግሞ መኪናው ፈጽሞ ሳይቆም እንዳትነቅል፣ መሪው ይቆለፍብሃል።

ዳር ይዘህ ከቆምክ በኋላ ቁልፉን ሞተሪኖው ሳይዞር ኦን ላይ ብቻ አድርግ። በአብዛኞቹ መኪኖች የነዳጅ ፓምፑ ለ2 ሰከንድ ያህል «ዝዝዝ» ብሎ ይቆማል። ድምፁ ከኋላ ወንበር ሥር ወይም የነዳጅ መሙያው ክዳን ተከፍቶ ጆሮ ሲጠጋ ይሰማል፤ አብሮህ ሰው ካለ እሱ ያዳምጥ። ጠዋት ሲነሳ ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው አስቀድመህ ልመድ፤ አለበለዚያ በጭንቀት ሰዓት ያልተሰማውን ተሰማ ትላለህ። ድምፁ ከሌለ ፊውዙን እይ፤ ከዚያ የፓምፑን ሪሌ አውጥተህ ተመሳሳይ ቁጥርና ተመሳሳይ እግር ካለው የክላክስ ሪሌ ጋር አቀያይር። በዚህ ከተነሳ በጣም በርካሽ ተገላገልክ። ያረጁ ሪሌዎች ውስጣቸው ያለው ብየዳ ተሰንጥቆ ሲሞቅ የሚላቀቅ፣ ሲበርድ የሚገናኝ አለ፤ የአንተን መኪና ጠባይ ቁርጥ ይመስላል።

አሁን ደግሞ ሞተሪኖውን እያዞርክ የዙር መቁጠሪያውን እይ። በብዙ መኪኖች መርፌው ትንሽ ከፍ ይላል፤ ሞተሪኖ ሞተሩን በደቂቃ ወደ 200 ዙር ገደማ ነው የሚያዞረው። አንዳንድ ዳሽቦርድ ይህን ትንሽ ዙር ስለማያሳይ መርፌው አለመንቀሳቀሱ ብቻውን አያስፈርድም፤ ስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነበውን መሣሪያ) ሰክተህ ቀጥታ ንባቡ ላይ «አርፒኤም» (ዙር በደቂቃ) የሚለውን ማየት ይሻላል። ሞተሩ እየዞረ ስካነሩ ዜሮ ካለህ የክራንክ ሻፍት ሴንሰሩን (የሞተሩን መዞር ለኮምፒውተሩ የሚነግረውን)፣ ሶኬቱን ወይም ሽቦውን ይዘሃል። ሞተሪኖውን ግን በአንድ ጊዜ ከ10 ሰከንድ በላይ አታዙር፤ በየመሀሉ አሳርፈው፣ ይቃጠላል።

ብዙ ፓምፕ ያለጥፋቱ የሚቀየረው እዚህ ጋ ነው። ኮምፒውተሩ ሞተሩ መዞሩን ካላየ፣ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰከንዶች በኋላ ለፓምፑ ኤሌክትሪክ አይሰጥም፤ ብልጭታም፣ የኢንጀክተር ትእዛዝም አይሰጥም። መካኒኩ ሞተሪኖውን እያስዞረ ፓምፑ ላይ ይለካል፣ ኤሌክትሪክ ያጣል ወይም ፓምፑ ዝም ሲል ያገኘዋል፤ «ፓምፕ ሞቷል» ይላል። ፓምፑ ግን ትእዛዝ እየጠበቀ ያለ ጤነኛ ፓምፕ ነው። ብልጭታም ነዳጅም አብረው ከጠፉ ሁለቱንም የሚያዝዘውን ሴንሰር ጠርጥር እንጂ ሁለት ዕቃ በአንድ ቀን ሞተ አትበል።

አንተ ከጻፍከው ብቻ ተነስቼ ብወራረድ በዚሁ የክራንክ ሻፍት ሴንሰር ላይ እወራረዳለሁ። ምክንያቱ አሠራሩ ነው። በብዙ መኪኖች ውስጡ በማግኔት ላይ የተጠቀለለ ፀጉር የመሰለ ቀጭን ሽቦ ነው፤ የተተከለውም ከሞተሩ አካል ጋር ተጣብቆ፣ አንዳንዴም ከማርሚታው አጠገብ ነው። ዕድሜ ሲጫነው ሽቦው ይሰነጠቃል፤ ሲሞቅ ብረቱ ይለጠጥና ግንኙነቱ ይቋረጣል፤ ሲበርድ ተመልሶ ይነካካል። ባለ ሁለት ሽቦ ከሆነ ቀዝቃዛ እያለ በኦም ለካውና ቁጥሩን ያዝ፤ በጠፋበት ሰዓት ደግመህ ለካ። ከሚገባው በላይ ዘሎ ከሄደ ወይም ጭራሽ ክፍት ካሳየህ ጉዳዩ አለቀ። ባለ ሦስት ሽቦው ግን ብዙውን ጊዜ ውስጡ ኤሌክትሮኒክስ ስላለው በኦም አይመረመርም፤ እሱን በስካነር ወይም በኦሲሎስኮፕ ነው። ቴስተር ከሌለህ፣ ሴንሰሩም በግልጽ የሚደረስበት ቦታ ከሆነ፣ ጨርቅ ውሃ ነክረህ ለብቻው አቀዝቅዘው። ሌላው ሞተር እንደጋለ ወዲያው ከተነሳ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አትፈልግ። ውሃ ግን ማርሚታው ላይ እንዳታፈስ፤ የጨርቁ ጫፎችም ከቺንጋው ራቅ ይበሉ።

«ኮድ አልያዘም፣ ስለዚህ ሴንሰር አይደለም» የሚሉህን አትስማ። ፒ0335 (የዚህ ሴንሰር የብልሽት ኮድ) ከወጣ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ኮምፒውተሩ የክራንክ ምልክት ሲያጣ «ሞተሩ ቆሟል» ብሎ የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የቆመ ሞተር ደግሞ በእሱ ዓይን ብልሽት አይደለም። ሴንሰሩን ስትቀይር ሽቦውን እስከ ሶኬቱ ድረስ ተከትለህ እይ፤ የተላጠ ወይም ማርሚታ የነካ ሽቦ አዲሱንም ሴንሰር እኩል ያስወቅሰዋል።

የዙሩ ንባብ ትክክል ሆኖ ፓምፑም እየተሰማ አልነሳ ካለ ብልጭታውን ለብቻው እይ። የብልጭታ መፈተሻ ተጠቀም፤ ካንዴላ በእጅ ይዞ መሞከር ይቅር። ኮይሉ የሚያወጣው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ቮልት ነው፤ አጠገቡ የቤንዚን ጭስ ካለ ደግሞ ከመንዘርም የባሰ ነገር አለ። ብልጭታ ካለ ወደ ነዳጅ ግፊት ሂድ። በተለመደው የኢንጀክተር ሲስተም ከ3 እስከ 4 ባር አካባቢ ይጠበቃል፤ የአንተን መኪና ልክ ከመመሪያው አረጋግጥ። ፓምፕ «ዝዝዝ» ማለቱ ግፊት አለው ማለት አይደለም፤ የግፊት መለኪያ ጌጅ ሳይታሰር ፓምፕ አይፈረድበትም። የደከመ ፓምፕም ሲሞቅ ይጠፋል፤ የሚያቀዘቅዘው በዙሪያው ያለው ቤንዚን ስለሆነ ታንኩ ሲጎድል የሚብስበት ከሆነ ጥርጣሬህ ወደ እሱ ይዙር። ሪሌው ደህና ሆኖ ፓምፑ ዝም ካለ፣ ሰው ቁልፉን ኦን ላይ ሲያደርግ የታንኩን ሥር በጎማ መዶሻ ቀስ አድርገህ ምታ፤ በዚያ ከተነሳ ፓምፑ ዕድሜውን ጨርሷል፣ ቤትህ ያደርስህና ይቀየራል። ከመግዛትህ በፊት ግን የፓምፑ ሶኬት ላይ ሙሉ ቮልት መድረሱን፣ ወደ ሻንሲው የሚሄደውም ገመድ አለመዛጉን ለካ።

ኮምፒውተሩን በተመለከተ፦ ይሞታል፣ ግን ከዝርዝሩ መጨረሻ ነው። ፊውዙ፣ ዋና ሪሌው፣ የግራውንድ ገመዶቹ ሳይፈተሹ ኮምፒውተር የሚያስቀይርህን ሰው ተጠራጠር።

የሌሎቻችሁ መኪና ጠባይ ከዚህ ከተለየ መንገዱም ይለያል። ተነስቶ በ1 ወይም 2 ሰከንድ ውስጥ ከጠፋና ዳሽቦርዱ ላይ የቁልፍ ምልክት ብልጭ ካለ ኢሞቢላይዘር (ቁልፉን ካላወቀ ሞተሩን የሚያጠፋው የስርቆት መከላከያ) ነው፤ ሁለተኛውን ቁልፍ ሞክሩ። ፔዳል ሲለቀቅ ብቻ የሚጠፋ፣ ሲረገጥለት የሚኖር ከሆነ ሚኒሞው (ፔዳል ሳይረገጥ ያለው ዝቅተኛ ዙር) ነው፤ የቆሸሸ ትሮትል (የአየር መግቢያ በር)፣ የሚኒሞ ቫልቭ ወይም አየር የሚያስገባ የጎማ ቱቦ። ነዳጅ ተሞልቶ ወዲያው ማስነሳት ሲቸግር የቤንዚን ትነት የሚያሳልፈው ቫልቭ ክፍት ሆኖ ቀርቶ ይሆናል፤ ይሄን ብዙ ሰው አያስበውም። ጠዋት ብቻ ረጅም ከዞረ በኋላ የሚነሳውን፣ ቁልፉን ሦስቴ ኦን፣ ኦፍ አድርጋችሁ ከዚያ አስነሱት፤ ካሻሻለው ግፊቱ ሌሊት ወደ ታንኩ እየተመለሰ ነው። ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ከሆነ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ረግጣችሁ አዙሩት፤ አብዛኞቹ ባለ ኢንጀክተሮች በዚያ ሰዓት መርጨት ያቆማሉ። ናፍጣ ላይ ብልጭታ የሚባል የለም፤ እዚያ መጀመሪያ አየር የገባበት መስመርና ውሃ ያጠራቀመ ማጣሪያ ነው።

አንዱን ግን ቆም ብላችሁ ስሙኝ። ሞተሪኖው ከወትሮው ፈጥኖ፣ ያለምንም መታገል «ዥዥዥ» ብሎ ከዞረ የታይሚንግ ቺንጋው (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ካምሻፍት የሚያዞረው) ተበጥሶ ይሆናል። የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱና በዚያ በኩል ካምሻፍቱ ከታየ ሰው ለአንድ አፍታ ሲያዞረው ይዞር እንደሆነ ተመልከቱ። ካልዞረ ዳግመኛ ቁልፉን አታዙሩ፤ በብዙ ሞተሮች ፒስተኑ ክፍት የቀረውን ቫልቭ ይመታል፤ እያንዳንዱ ሙከራም ጉዳት ይጨምራል።

አንተ ወንድሜ፣ ቀላል ስካነር፣ ቴስተር፣ ጨርቅና አንድ ጠርሙስ ውሃ መኪናው ውስጥ አስቀምጥ። በሚቀጥለው ሲጠፋ ድርግም ብሎ ነው ወይስ ተቆራርጦ፣ ፓምፑ ተሰማ ወይስ ዝም አለ፣ ሞተሪኖው ሲዞር ስካነሩ ስንት ዙር አሳየ፣ እነዚህን ጻፍልን። የመኪናውን ዓይነት፣ ሞተርና ዓመተ ምሕረትም ጨምር፤ ሴንሰሩ የት እንደተተከለና ስንት ኦም ማሳየት እንዳለበት በዚያ ነው የምነግርህ።