ለሒሳብ መምህሩ፦ ውጭ አገር በሚገኙ የሁለት ቋንቋ ትምህርት ቤቶች ሥራ ስለ መፈለግ

ውድ ጠያቂ፣

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አራት ዓመት ሒሳብ እንዳስተማሩ፣ አሁን ደግሞ ውጭ አገር በሚገኝ የሁለት ቋንቋ ትምህርት ቤት ለመቀጠር እንዳሰቡ ገልጸው፣ ለዚሁ ሲባል በበይነ መረብ የሚሰጠውን የ120 ሰዓት የእንግሊዝኛ ማስተማር ሰርተፍኬት ቢወስዱ ይጠቅምዎት እንደሆነ ጠይቀውኛል። በእኔ እምነት አይውሰዱ።

ይህ ዓይነቱ ሰርተፍኬት በዋናነት የሚያገለግለው በቋንቋ ማሠልጠኛዎች ለሚቀጠር ሰው ነው፤ በዚያ በኩል ደግሞ ውድድሩ ብርቱ ከመሆኑም በላይ አንዳንድ አገሮች የቪዛ ገደብ ያደርጋሉ። ለምሳሌ ደቡብ ኮሪያ ለቋንቋ አስተማሪዎች የምትሰጠው የኢ-2 ቪዛ በአብዛኛው ለሰባት እንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች ዜጎች የተወሰነ ነው። የሁለት ቋንቋ ትምህርት ቤት ግን ሒሳብንና ሳይንስን የመሳሰሉትን ትምህርቶች ከፊሉን በአገሩ ቋንቋ፣ ከፊሉን በሌላ ቋንቋ ስለሚያስተምር፣ አጥብቆ የሚፈልገው ትምህርቱን ጠንቅቆ የሚያውቅና በዚያ ሁለተኛ ቋንቋ ማስረዳት የሚችል መምህር ነው። ስለዚህ ማመልከቻዎን የእንግሊዝኛ መምህር ሆነው ሳይሆን የሒሳብ መምህር ሆነው ያቅርቡ።

ከብዙ አመልካቾች የሚለይዎት ግን ዲግሪው ብቻ አይደለም። አውሮፓ ውስጥ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የራሱን ስያሜ (በእንግሊዝኛ ምህጻሩ CLIL) ያገኘው፣ ይዘትንና ቋንቋን አዋሕዶ የማስተማር ዘዴ፣ መምህሩ ለእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ ከትምህርቱ ዓላማ ጎን የቋንቋ ዓላማም እንዲያስቀምጥ ይጠይቃል። ያለእኩልነት ዓረፍተ ነገርን በምልክት ሲሰጡት አሳምሮ የሚሠራ ተማሪ፣ ያው ጥያቄ በቃላት ሲቀርብለት «ከአምስት የማያንስ» እና «ከአምስት የሚበልጥ» የሚሉትን አባባሎች በሁለተኛ ቋንቋው መለየት አቅቶት ሊሳሳት ይችላል፤ ይህ የሒሳብ ድክመት ሳይሆን የቋንቋ ክፍተት ነው። እንዲህ ያለውን እንቅፋት አስቀድመው ለይተው፣ በሥዕል፣ በቃላት ሠንጠረዥና በጥንድ ውይይት እንዴት እንደሚያቃልሉት የሚያሳይ አንድ የትምህርት ዕቅድ ያዘጋጁ፤ ከተቻለም ያንኑ ክፍለ ጊዜ ሲያስተምሩ ለዐሥር ደቂቃ ያህል ይቀረጹ፤ ተማሪዎች በቀረጻው የሚታዩ ከሆነ ግን ከትምህርት ቤቱና ከወላጆች አስቀድመው ፈቃድ ያግኙ። ብዙ ትምህርት ቤቶች በቃለ መጠይቅ ወቅት የማሳያ ትምህርት ስለሚጠይቁ ልፋትዎ አይባክንም።

ጊዜን በተመለከተ፣ የትምህርት ዘመናቸውን በነሐሴ ወይም በመስከረም የሚጀምሩት ትምህርት ቤቶች በአብዛኛው ቅጥራቸውን የሚያካሂዱት ካለፈው ጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው። የዲግሪዎን፣ የመምህርነት ፈቃድዎንና የወንጀል ነጻ ማስረጃዎን ማረጋገጥ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል፤ እ.ኤ.አ. የ1961ዱን የሄግ የሰነድ ማረጋገጫ ስምምነት በተቀበሉ አገሮች መካከል አፖስቲል የተባለው አንድ ማረጋገጫ ይበቃል፣ ከዚያ ውጭ ከሆነ ግን ሰነዱ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በተቀባዩ አገር ኤምባሲ በኩል ማለፍ አለበት።

ውል ከመፈረምዎ በፊት ከግብር በኋላ እጅዎ የሚገባውን ደመወዝ፣ የሳምንቱን የማስተማሪያ ክፍለ ጊዜ ብዛት፣ የመኖሪያ ቤቱን፣ የጤና መድኅኑንና የደርሶ መልስ ትኬቱን በጽሑፍ ያረጋግጡ። ሁለቱ ቋንቋዎች የትምህርት ሰዓቱን እንዴት እንደሚከፋፈሉትና በሌላው ቋንቋ ከሚያስተምረው ባልደረባ ጋር አብሮ ለማቀድ የተመደበ ጊዜ መኖሩንም ይጠይቁ፤ አመልካቾች ይህን ጥያቄ አዘውትረው ይዘሉታል፣ እኔ ግን የትምህርት ቤቱን እውነተኛ ገጽታ ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳየው እርሱ ይመስለኛል። ሥራ ለማግኘት ክፍያ የሚጠይቅዎትን ደላላ፣ በጉብኝት ቪዛ ገብተው ሥራ እንዲጀምሩ የሚገፋፋዎትን ወይም ፓስፖርትዎን ይዞ ለማቆየት የሚፈልገውን ቀጣሪ ግን፣ ደመወዙ የቱንም ያህል ቢያጓጓ፣ ያለማመንታት ይተዉት።

የትምህርት ዕቅዱን አዘጋጅተው ከሕይወት ታሪክዎ ጋር ቢልኩልኝ ሁለቱንም አይቼ አስተያየቴን እሰጥዎታለሁ።