መልስ፦ ወንዙ ሲሄድ ወሰኑም አብሮ ይሄዳል?

ሰላም ወንድሜ። «ቦርከና በክረምት ወደ ማሳችን ገባ፤ ወሰናችንም አብሮ ይገፋል ወይ?» ብለሃል። እዚሁ ኮምቦልቻ በቅየሳ ሥራ ላይ ነኝና የማውቀውን ልንገርህ።

ዋናው ነገር ወንዙ የሄደበት መንገድ ነው። በአሜሪካ ቴክሳስና ኦክላሆማ በሬድ ሪቨር ወንዝ የተነሳ ለዓመታት ተካሰዋል፤ ዳር ላይ ነዳጅ ሲገኝማ ጠቡ ከረረ። እ.ኤ.አ. በ1923 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወሰኑ ደቡባዊው ዳርቻ ነው አለ፦ ውኃው ዳርቻውን እያጠበ፣ ሳያልፈው የሚደርስበት አማካይ ከፍታ። ወንዙ አፈሩን ቀስ በቀስ ከበላ ወሰኑ አብሮት ይጓዛል። በአንድ ጎርፍ ድንገት አዲስ መውረጃ ከቀደደ ግን ወሰኑ በአሮጌው ይቀራል። ያንን ከፍታ ያለ መሣሪያ ማወቅ አስቸጋሪ ስለሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ሁለቱ ግዛቶች በስምምነት ወሰኑን በደቡብ ዳርቻ ያለው የዕፅዋት መስመር አደረጉት። ማንም በዓይኑ የሚያየው ምልክት መምረጣቸው ትልቅ ብልህነት ይመስለኛል።

ይህ የነሱ ሕግ ነው፤ ቀበሌ ይዘኸው አትሂድ። አንተ መጀመሪያ የይዞታ ደብተርህንና ካርታውን አውጣ። ከዚያ የድሮውን መውረጃ ፈልግ፦ አሸዋው፣ ድንጋዩ፣ ዳር ላይ የቆሙት ትልልቅ ዛፎች ይመሰክራሉ። ሽማግሌዎችና ጎረቤትህ ባሉበት አስለካው፤ ብቻህን ችካል እንዳትተክል አደራ። የሚቀጥለው ክረምት ሳይገባ ፎቶም አንሳ፣ ጎርፍ ምልክቱን ጠርጎ ይወስደዋል።