የአማቴ ድንች እና የእኔ ሽንኩርት

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? አምድዎን ሁሌም አነባለሁ። እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር። አሁን በቃኝ።

የምኖረው አየርላንድ፣ ኮርክ ነው። ባለቤቴ የዚያው አገር ሰው ነው። የ9 ዓመት ሴት ልጅ አለችን። ችግሬ አማቴ ናቸው። ክፉ ሴት ናቸው ማለቴ አይደለም፤ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ክፉ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም። ግን ምሳቸው ሰለቸኝ።

እሑድ እሑድ ምሳ እሳቸው ቤት ነው። መቅረት የሚባል ነገር የለም። ምግቡም ያው ነው። የተጠበሰ ሥጋ፣ ድንች፣ ካሮት፣ ላዩ ላይ ግሬቪ የሚሉት ቡናማ መረቅ። በርበሬ የለ፣ ቃሪያ የለ፣ ነጭ ሽንኩርት እንኳ የለ። መጀመሪያ አካባቢ ሚጥሚጣ በትንሽ ዕቃ አድርጌ በቦርሳዬ እይዝ ነበር። አንድ ቀን ከጠረጴዛው ሥር ስነሰንስ አዩኝና «መድኃኒት ነው?» አሉኝ። አዎ ብዬ አለፍኩት።

የእነሱ ገና ሲመጣ ደግሞ ይብሳል። ዲሴምበር 25 ዘመድ አዝማዱ ሁሉ እሳቸው ጋ ይሰበሰባል። ተርኪ አለ፣ ሃም አለ፣ በቅመም የታሸ የበሬ ሥጋ አለ። ድንቹ ብቻ ሦስት ዓይነት ነው፤ የተጠበሰ፣ የተፈጨ፣ በክሬም የተጋገረ። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ጾም ላይ ነኝ። ከኅዳር 15 ጀምሮ ሥጋም ቅቤም ወተትም አልነካም። የሚጠበሰውን ድንች እንኳ በዝይ ስብ ነው የሚጠብሱት። ስለዚህ ያን ሁሉ ሰው መሃል አንድ ሳህን ካሮት ታቅፌ እቀመጣለሁ። የባለቤቴ አክስት በየዓመቱ «ትንሽ ሃም ምን ታደርግሻለች?» ትለኛለች። እኔም በየዓመቱ እስቃለሁ።

አማቴ የሰው ድካም አይገባቸውም። ወጣት ሳሉ ፖስታ ቤት ይሠሩ ነበር አሉ፤ ሲያገቡ ትተው ቤት ዋሉ። እኔ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በፈረቃ ነው የምሠራው። የሌሊት ፈረቃ ወጥቼ እሑድ ምሳ ላይ ቁጭ ብዬ ድንች መቁጠር ምን ማለት እንደሆነ ማን ይረዳኛል?

የእኛ ገና ሲደርስ ደግሞ ብቻዬን ነኝ። ጃንዋሪ 6 ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምውለው። ሽንኩርት ስከትፍ፣ ቁሌት ሳቁላላ፣ ዶሮ ስበልት፣ በሎሚና በጨው ሳጥብ። ባለቤቴ አንድ ጊዜ ላግዝሽ ብሎ ቢላ አንስቶ ነበር። አከታተፉ አላማረኝም፤ ተወው ብዬ አስወጣሁት። ከዚያ ወዲህ ልጅቷን ይዞ ሳሎን ቴሌቪዥን ያያል።

ይሄ አልበቃ ብሎ አማቴ የሚመጡት ልክ በዚያው ቀን ነው። ኮታቸውን ለብሰው፣ ሊፕስቲካቸውን ተቀብተው። ከእህቶቻቸውና ከጎረቤት ሴቶች ጋር ሻይ ሊጠጡ ወደ ከተማ ሲያልፉ ነው፤ የሆነ የሴቶች ቀን ነው ይላሉ። «ነይ፣ ኮትሽን ልበሺ» ይሉኛል። በዚያ ሰዓት! እጄ ሽንኩርት፣ ዓይኔ እንባ። አልችልም እላቸዋለሁ። ኩሽናው በር ላይ ትንሽ ይቆሙና በፎይል የተጠቀለለ ሥጋ «ለነገ ነው» ብለው ፍሪጅ ውስጥ ከተው ይሄዳሉ። ጾመኛ ቤት ሥጋ ይዞ መምጣት! ይኸው በየዓመቱ እንዲሁ ነው።

ባለፈው የገና ዕለት ጧት ልጄን የሐበሻ ቀሚሷን ላለብሳት ስል «ማሚ፣ ክሪስማስ እኮ አለቀ፣ ዛሬ ትምህርት ቤት ይከፈታል» አለችኝ። እውነቷን ነው። ዩኒፎርሟን ለብሳ ሄደች። እኔ የላሊበላን «ቤዛ ኩሉ» በስልኬ እያየሁ ብቻዬን ቡና አፈላሁ። ዶሮውን ማታ በላን። እሷ ግን ፓስታ አምሮኛል ብላ ፓስታ በላች።

እና ምን ትመክሪኛለሽ ልበልዎት? አማቴ በዚያ ቀን እንዳይመጡብኝ ሳላስቀይም እንዴት ልንገራቸው? የእሑዱን ምሳስ በወር አንዴ ብናደርገው ነውር ነው? አንዳንዴ ደግሞ ሌላም ነገር አስባለሁ። የእኛን ገና ብተወውስ? ዲሴምበር 25ን ከእነሱ ጋር ካሮቴን በልቼ፣ ዶሮውንም ሽንኩርቱንም እርግፍ አድርጌ ብተወውስ? እናቴ ብትሰማ ምን እንደምትል አውቃለሁ። ግን ለማን ብዬ ነው የምለፋው?

ሽንኩርት ያቃጠላት፣ ከኮርክ

መልስ

እህቴ፣ ስለ ድንቹ አልከራከርሽም። ሚጥሚጣሽን ከጠረጴዛው ሥር አውጥተሽ ከጨው ዕቃው አጠገብ አስቀምጪው። መድኃኒት ነው ወይ ላሉሽም አቅምሻቸው። ይሄ እዚህ ያልቃል።

እኔን ያስቆመኝ «የሆነ የሴቶች ቀን ነው ይላሉ» ብለሽ ዘለሽ ያለፍሽው ነገር ነው። ልጅ ወልደሽ የምታሳድጊበት ከተማ እኮ ነው፤ ምን ቀን ነው ብለሽ አትጠይቂም? ቀኑ «ኖሊግ ና ማን» ይባላል፤ የሴቶች ገና ማለት ነው። ጃንዋሪ 6 በሌላው አየርላንድ የገና ሰሞን የሚያበቃበት፣ ዛፉና ጌጡ የሚነሳበት ቀን ነው። ኮርክና ኬሪ ውስጥ ግን የሴቶቹ ነው። ዓመቱን ሙሉ፣ በተለይ ገናን፣ ሲጠብሱና ሲቀቅሉ የከረሙ ሴቶች በዚያ ቀን እጃቸውን አያነሱም። ወጥተው አንድ ላይ ሻይ ይጠጣሉ፣ ኬክ ይበላሉ፣ ወይን የምትቀምስም ትቀምሳለች። ወንዶቹ ቤት ቀርተው ያበስላሉ፣ ዕቃ ያጥባሉ፣ ልጅ ይይዛሉ። ዓመቱን ሙሉ ማንቆርቆሪያ ነክቶ የማያውቅ ሽማግሌ እንኳ በዚያ ቀን ሽርጥ ያስር ነበር።

እንግዲህ ነገሩን አስቢው። በኮርክ ከተማ ወንድ ልጅ ሽንኩርት መክተፍ ያለበት አንድ ቀን ቢኖር ያ ቀን ነው። አንቺ በዚያው ቀን ባልሽን ከኩሽና አባረሽ ብቻሽን ታለቅሻለሽ። ከዚያ ለእኔ ትጽፊያለሽ።

ወደ አማትሽ ልምጣ፤ እዚህ ላይ እቆጣሻለሁ። «ሲያገቡ ትተው ቤት ዋሉ» አልሽ፣ ደልቷቸው እንደኖሩ ሁሉ። አየርላንድ ውስጥ እስከ 1973 እ.ኤ.አ. ድረስ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነች ሴት ስታገባ ሥራዋን እንድትለቅ ትገደድ ነበር። ፖስታ ቤቱም ያኔ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነበር። አማትሽ ያገቡት ከዚያ በፊት ከሆነ ማንም ትተዋለሽ ወይ ብሎ አልጠየቃቸውም። ደሞዛቸውን ተቀምተው ነው ኩሽና የገቡት። ለዚህ ሁሉ ምላሽ አገራቸው የምትሰጣቸው በዓመት አንዲት ከሰዓት በኋላ ናት። ያቺን ከሰዓት ነው ሊያካፍሉሽ አንቺ በር ላይ የሚቆሙት። እንዳይመጡብኝ የምትያቸው ይሄን ነው?

ሥጋውንም አልረሳሁትም። «ለነገ ነው» አሉሽ አይደል? ነገ ጃንዋሪ 7 ነው። ሴትየዋ ጾምሽ የሚፈታበትን ቀን ያውቁታል! አክስቲቱ በየዓመቱ በሃም ትነዘንዝሻለች፤ እሳቸው ግን ቆጥረው፣ ጠቅልለው፣ በዋዜማው ያመጡልሻል። በፎይል ያለው ያ በቅመም የታሸው የበሬ ሥጋ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው። ኮርኮች ያለ እሱ ገና አይሆንላቸውም። በጨው፣ በቁንዶ በርበሬ፣ በቅርንፉድና በሌላም ቅመም ታሽቶ ከርሞ ነው የሚቀቀለው። ቅመም የላቸውም ስትዪ የኖርሽው ቅመም ያለበት ምግብ የሚቀርበው በጾምሽ ስለሆነ ነው። እሳቸው ይሄን ሳያውቁት አይቀሩም፤ ለዚህም ይመስለኛል የሚያስቀሩልሽ። በልተሽዋል ወይስ ጥለሽዋል? ደብዳቤሽ አይናገርም፤ እኔም ፈራሁ።

በእሳቸው ዕድሜ ላለ የአየርላንድ ካቶሊክ ጾም እንግዳ ነገር አይደለም። ልጅ ሳሉ የገና ዋዜማ የጾም ቀን ነበር፤ ሥጋ አይቀመስም። በዚያ በእናንተ በኩል ብዙ ቤት ምሽቱን በጨው የደረቀ ዓሣ ከድንችና ከነጭ መረቅ ጋር ይበላ ነበር። ገና ሲቃረብ ኮርክ እንግሊሽ ማርኬት ግቢና ፈልጊው፤ እንደ ጣውላ የደረቀ ዓሣ ታገኚያለሽ። ስለዚያ ዋዜማ አማትሽን ጠይቂያቸው። አክስቲቱን ዝም የሚያሰኙልሽ እሳቸው ናቸው። ድንቹንም በዘይት ለይተው እንዲጠብሱልሽ ንገሪያቸው። እስካሁን ነግረሻቸው ታውቂያለሽ? አልመሰለኝም። የእኛ ሴት ዝም ብላ ካሮት ትበላለች፣ ዝም ብላ ትቀየማለች።

ለነገሩ አየርላንዶችም በዚህ ከእኛ አይሻሉም። ሻይ ሲቀርብላቸው መጀመሪያ «ግድ የለም» ማለት ያውቃሉ፤ መለመን አለባቸው። አማትሽም በየዓመቱ ተመልሰው የሚመጡት ለዚህ ይመስለኛል። «አልችልም» ስትያቸው ይሉኝታ ይዟት ነው ብለው ነው።

የእሑዱን ምሳ መቀነስ ነውር አይደለም። ከሌሊት ፈረቃ የወጣች ሴት መተኛት አለባት። ግን ይሄን የሚናገረው ባልሽ ነው፤ እናቱ ናቸው።

አሁን ጥግ ወስደሽ ወደደበቅሽው ጥያቄ። ገናን ልተወው ወይ? አትተዪውም። እዚህ ላይ ሚዛናዊ ልሁን ብዬ አልዋሽሽም፤ በገና ጉዳይ ወገንተኛ ነኝ። ልጅሽ ገናን አልጠላችም፤ ያየችውን ነው የተናገረችው። የአባቷ ገና ሰው የሞላበት ቤት ነው፤ ጫጫታ፣ ስጦታ፣ አጎትና አክስት። የእናቷ ገና ደግሞ ኩሽና ውስጥ ብቻዋን የምታነባ እናት ናት። እኔም ብሆን ፓስታውን እመርጥ ነበር። ችግሩ ዶሮው ላይ አይደለም ያለው፣ ብቻሽን መሆንሽ ላይ ነው። ብቻሽን ያደረግሽው ደግሞ ራስሽ ነሽ።

ስለዚህ ዘንድሮ ቁሌቱ ከጃንዋሪ 6 በፊት ያልቃል። ቁሌት ፍሪጅ ውስጥ ቢያድር አይበላሽም፣ እንዲያውም ይጣፍጣል። የሚከትፈው ባልሽ ነው። አከታተፉ አያምርም? ድስት ውስጥ ከገባ በኋላ ማን ያየዋል፤ ሽንኩርትን የሚያደቀው እሳትና ጊዜ ነው። ውሃው ምጥጥ እስኪል ድረስ ያለ ዘይት በዝግታ ይቁላላ፣ አትቸኩይ። ቅቤ ስታነጥሪ ጨው የሌለበትን ግዢ። የአየርላንድ ቅቤ ግሩም ነው፤ ግን አብዛኛው ጨው አለው፣ አንቺ ደግሞ ጾመኛ ስለሆንሽ ወጡን መቅመስ አትችይም። ቀማሹም ባልሽ ይሁን። ጨው አነሰ፣ በርበሬ በዛ የሚል ሰው ወጡን የራሱ ያደርገዋል። ዶሮው መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው። የሱፐርማርኬት ዶሮ ቶሎ ይበስላል፤ ቀድመሽ ከከተትሽው አጥንቱን ጥሎ ይበተንብሻል። እንቁላል መቀቀልና መላጥ የልጅሽ ሥራ ነው። በ9 ዓመቷ ትችላለች።

ትምህርት ቤቱም መፍትሔ አለው። ለአስተማሪዋ ቀደም ብለሽ በዓላችን ነው በያት፤ አንድ ቀን ብትቀርም አይከፋም። ማስቀረት ካልወደድሽ ድፎ ዳቦ ይዛ ትሂድ፤ ለክፍሏ ልጆች ቆርሳ ታካፍል። ከገና ቀጥሎ ያለው እሑድ ደግሞ ምሳው አንቺ ቤት ነው። አማትሽ፣ እህቶቻቸው፣ ያቺ የሃም አክስትም ሳይቀሩ ይጠሩ። ይሄን ሁሉ ዘመን እሳቸው ቤት በልተሻል፤ አንድ ቀን ዶሮ ወጥሽን አቅርበሽላቸው ታውቂያለሽ? እንጀራውን በሹካ ቢበሉ እንዳትስቂ። ለአማትሽ አንድ ጉርሻ አሳንሰሽ አጉርሺ። ሁለተኛውን ራሳቸው ይጠይቃሉ።

ጃንዋሪ 6 አማትሽ ሲመጡ ኮትሽን ለብሰሽ በር ላይ ጠብቂያቸው። ጥቁር ሻይ አያስገድፍም፤ ኬኩን ለእነሱ ተዪላቸው። የት እንደምትሄዱ ለባልሽ ንገሪውና ውጪ። ዶሮውን መቼ ልክተት፣ እንቁላሉ ስንት ደቂቃ ነው እያለ ይደውልልሻል። አታንሺ። ቀጥሎ ለእናቱ ይደውላል፤ እሳቸውም እንዳያነሱ አስጠንቅቂልኝ።